በሁለት ዳዶ የታሰረ ፓምፕ

የቮልስዋገን ቤንዚን ፓምፕ የሚፈታው በሁለት የ13 ዳዶ ነው። ይህን የማውቀው መካኒክ ሆኜ ሳይሆን በልጅነቴ የ13 ቁልፍ አቀባይ ስለነበርኩ ነው። አባቴ የሒሳብ ሠራተኛ ነበር። መኪናውን ግን እሑድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ግቢያችን ውስጥ ራሱ ይፈታል፣ ራሱ ይገጥማል።

ዘመኑ የደርግ ነው፣ ቤንዚን በኩፖን የሚታደልበት። ፓምፕ አፈሰሰ ማለት የወሩ ራሽን መሬት ላይ ፈሰሰ ማለት ነው። አባቴ መጀመሪያ የዘይት መለኪያውን ይመዛል፤ ጫፉን አሽትቶ በጣቶቹ መሃል ያሻሸዋል፣ ከዚያ ወደ እኔ አፍንጫ ያስጠጋዋል። ዘይቱ ከልኩ በላይ ከፍ ብሎ፣ ቀጥኖ፣ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ የፓምፑ መምብራና ተቀዷል። ወደ ካርቡሬተር መውጣት የነበረበት ቤንዚን ቁልቁል ከሞተሩ ዘይት ጋር ይቀላቀላል፤ እንዲህ ሆኖ የተነዳ ሞተር ብዙም አይቆይም።

የቮልስ ታንክ ፊት ነው፣ ሞተሩ ኋላ። ከታንኩ የሚመጣው ጎማ ከፓምፑ ሲነቀል ቤንዚኑ በራሱ መፍሰስ ይጀምራል። መክደኛው የእኔ እርሳስ ነበር፤ ጎማው ውስጥ ሲገባ ልክክ ይላል። እናቴ ቡና ልታፈላ ስትወጣ ሁሉም ባንድ አፍ «ከሰሉን አርቂው!» ይሏታል። ሁሉም ያልኩት ጎረቤቶቹን ነው። የከባድ መኪና ሾፌር የነበሩት ጋሼ ሳይጠሩ መጥተው ከአባቴ ጎን ቁጢጥ ይላሉ። መኪና ኖሮት የማያውቅ ሰው ሳይቀር ሐሳብ ይሰጣል።

የቀደሙት ፓምፖች ክዳናቸው በብሎን የታሰረ ስለነበር፣ ተከፍተው መምብራናው ብቻ ይቀየር ነበር። አስቸጋሪው መልሶ መግጠሙ ነው። ፓምፑን ከሥር የሚገፋ ዘንግ አለ፤ እስከ መጨረሻው ሲወጣ ከመቀመጫው በላይ 13 ሚሊ ሜትር ያህል ብቅ ማለት አለበት። ከዚያ ከበለጠ ፓምፑ አብዝቶ እየገፋ ካርቡሬተሩን ያጥለቀልቀዋል፤ ካነሰ ዳገት ላይ ሞተሩ ቤንዚን ይጠማዋል። ልኩ የሚስተካከለው በጓርኒሲዮኑ ውፍረት ነው። አባቴ የሚለካው በትምህርት ቤት ማስመሪያዬ ነበር። ጋሼ ደግሞ መልሰው ይለኩታል።

እህቴ ከጀበናው አጠገብ ሆና ትጠይቃለች። «ዘንጉን የሚገፋው ማነው?» ያለችው እሷ ናት፤ እኔ ጠይቄ አላውቅም። ዲስትሪቢውተሩን በሚያዞረው ዘንግ ላይ ያለው ጉብታ እንደሆነ ጋሼ አስረዷት። ቁልፍ ያቀበላት ግን አልነበረም። ያንን ዘመን በናፈቅሁ ቁጥር ይህም አብሮ ይመጣብኛል፤ ያ ደግ ግቢ ለእሷ ከእኔ እኩል አልነበረም።

ቮልስዋገን በ1995 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ሜክሲኮ ውስጥ የመጨረሻዋን ቮልስ አምርቶ አቆመ፤ ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተሠራ በኋላ። የአባቴም መኪና ከዚያ በፊት ተሸጣ ነበር። ዛሬ ቪትዝ የምትነዳው ሴት ልጄ ናት፣ የ13 ቁልፉንም የያዘችው እሷ።

የአሁኑ ፓምፕ አይታይም። የኤሌክትሪክ ነው፣ ታንኩ ውስጥ ቤንዚን ውስጥ ተዘፍቆ ይሠራል፤ የሚያቀዘቅዘውም ያው ቤንዚኑ ነው። የነዳጅ ሰልፉን ፈርቶ የታንኩ ማስጠንቀቂያ መብራት እስኪበራ የሚነዳ ሰው ፓምፑን ያለ ዕድሜው ያቃጥላል። የልጄም ፓምፕ የሞተው እንዲያ ነው። አዲሱን ከሶማሌ ተራ ገዝታ መጣችና ኮንዶሚኒየሙ መኪና ማቆሚያ ላይ አብረን ጀመርን። ግፊቱ ከቮልስ ፓምፕ አሥር እጥፍ ያህል ስለሚበልጥ፣ ፓምፑ ቢሞትም መስመሩ ውስጥ የታመቀ ቤንዚን ሊኖር ይችላል። የባትሪውን ኔጋቲቭ ነቀለች፣ የኋላ ወንበሩን አነሳች፣ መጋጠሚያውን በጨርቅ ሸፍና ቀስ ብላ ለቀቀችው። እጇ ከአባቴ እጅ የተረጋጋ ነው።

የወረደ ሰው ግን አልነበረም። አንድ መስኮት ተዘጋ፤ ከሌላው «ጋራዥ አጥታችሁ ነው?» የሚል ድምፅ መጣ። ሰውየውን አልወቅሰውም፣ ቤንዚን ይሸታል። ቢሆንም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ፣ እነዚህ አሮጌ ቪትዞች ገና ለዓመታት ከእኛው ጋር ናቸው፤ እጁን የሚዘረጋ ጎረቤት ዛሬ ከበፊቱ ይበልጥ ያስፈልገናል።

ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ልጄ አሮጌውን ፓምፕ አልጣለችውም። ቤንዚኑ ሙልጭ ብሎ እስኪደርቅ ቀናት ጠብቃ በብረት መጋዝ ከፈለችው። ውስጡ ትንሽዬ ሞተር ናት፤ ካርቦኖቿ አልቀዋል። የቮልስ ዲናሞ ካርቦንም እንዲሁ ያልቅ ነበር፤ አባቴ ስፕሪንጉን በካቻቢቴ አንስቶ አሮጌውን ያወጣና አዲሱን ያስገባል፣ አለቀ። ይህ ፓምፕ ግን ዙሪያውን ተቀጥቅጦ ታሽጓል።

«አባዬ፣ ይቺን ብቻ ብንቀይርስ?» አለችኝ። ካርቦኗን ይዘን ሶማሌ ተራ ድረስ ሄደን ሱቅ በሱቅ ጠየቅን። ለብቻው አይሸጥም።