የማያሸንፈው ሰው ለምን ይመጣል?

ሰሞኑን ኔትወርክ ደህና በሆነ ቁጥር የማየው አንድ ነገር አለ። ኳስ አይደለም፣ ተከታታይ ፊልምም አይደለም። አዳራሽ ውስጥ የሚካሄድ የሞዴል አውሮፕላን ውድድር ነው። አትሳቁ! የልጆች ጨዋታ የመሰላችሁ ካላችሁ ትንሽ ታገሱኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤፍ ዋን ዲ በሚባለው ዓለም አቀፍ ዘርፍ የአውሮፕላኑ ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ55 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። ክብደቱ ያለ ላስቲኩ ከ1.4 ግራም ማነስ የለበትም፤ ሰው ሁሉ የሚታገለው ታዲያ እዚያችው 1.4 ላይ ለማድረስ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር እኮ 4 ግራም ገደማ ነው! ሞተር የለው፣ ባትሪ የለው። ጉልበቱ ከ0.4 ግራም የማይበልጥ የተጠመዘዘ ላስቲክ ብቻ። ፊዚክስ ያስተማርኳችሁ ልጆች፣ ፖቴንሻል ኢነርጂ ስንል የነበረው ይኸው ነው። አጥንቱ ባልሳ ከሚባል ቀላል እንጨት ይሠራል፣ ክንፉ ከፌስታል በብዙ እጥፍ በሚሳሳ ፕላስቲክ ይሸፈናል። ይቺ ነገር ጣራው ከፍ ባለ አዳራሽ ውስጥ ቀስ ብላ እየዞረች ከ20 ደቂቃ በላይ አየር ላይ ትቆያለች። የአንድ ክፍለ ጊዜ ግማሽ በሉት።

ቦታው ራሱ ጉድ ነው። አሜሪካኖቹ ብሔራዊ ውድድራቸውን ለብዙ ዓመታት ያካሄዱት ጆንሰን ሲቲ፣ ቴኔሲ፣ የዩኒቨርሲቲ ኳስ ሜዳን በሸፈነ ትልቅ ጣራ ሥር ነበር። እንግሊዞቹ ካርዲንግተን በሚገኘው፣ አር 101 የተባለችው የአየር መርከብ በተሠራችበት ግዙፍ መጋዘን ያበሩ ነበር። ሩማኒያ ውስጥ ደግሞ ስላኒክ በሚባል ቦታ፣ ከመሬት በታች ከ200 ሜትር በላይ ወርደው የጨው ማዕድን ማውጫ ውስጥ የዓለም ሻምፒዮና አካሂደዋል። በር ይዘጋል፣ ማራገቢያ ይጠፋል፣ ሰው ቀስ ብሎ ይራመዳል። ትንሽ ንፋስ ሁሉን ነገር ያበላሻላ! አውሮፕላኗ ወደ ግድግዳ ከተጠጋች በክር በታሰረ ፊኛ ቀስ አድርገው ይመልሷታል።

እኔን የገረመኝ ግን አውሮፕላኑ ሳይሆን የሚመጣው ሰው ነው። ቪዲዮዎቹ ላይ የማየው አብዛኛው ሰው ፀጉሩ የሸበተ ነው፤ መሀል መሀል ላይ ወጣቶች አሉ። ሀብታም የሚያደርግ ሽልማት የለም። ስታዲየም የሚሞላ ተመልካችም የለም። ከመጡት ውስጥ ብዙዎቹ ገና ከቤታቸው ሲወጡ እንደማያሸንፉ ያውቁታል። ታዲያ ያቺን በትንፋሽ የምትሰበር ነገር በሳጥን አሽገው ያን ሁሉ መንገድ ለምን ይመጣሉ?

መልሱን ያገኘሁት ሰዓት መያዣው ላይ ነው። ማንም ሰው የራሱን በረራ ራሱ ሰዓት ይዞ አያስመዘግብም። አንተ ስታበር ሌላው ሰዓት ይዞ አንጋጦ ይቆማል፤ የእሱ ተራ ሲደርስ አንተ ትቆምለታለህ። የአዳራሹም ወጪ ቢሆን በመጣው ሰው ልክ ነው የሚቃለለው። ስለዚህ መጨረሻ የወጣው ሰው ቢቀር ከዝርዝሩ ላይ አንድ ስም ብቻ አይደለም የሚጎድለው። የአንደኛው ውጤት ራሱ መስካሪ ያጣል። አሥር እንደዚህ ያሉ ሰዎች ከቀሩ ደግሞ ውድድሩ ራሱ የለም።

ይሄ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም እኮ። እድር ላይ መዋጮ ከፍሎ የቀረ ሰው ይቀጣል። ለምን? ድንኳኑን የሚተክለው ገንዘቡ አይደለማ፣ የመጣው ሰው ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር ታስታውሳላችሁ። ከዚያ ወዲህ ስም ስጠራ «የለም» የሚለው መልስ በዝቶብኛል። አንድ ልጅ ደግሞ ፊት ለፊት ጠየቀኝ። «ቲቸር፣ ከመቶ ሦስቱ ብቻ የሚያልፉ ከሆነ እኔ ለምን እመጣለሁ?»

ጥያቄው የስንፍና አይደለም። ሒሳቡን ሠርቶ ነው የጠየቀኝ። መምጣት ብቻውን ያሳልፍሃል ብዬ ልዋሸው አልችልም፤ ምክንያቱም አያሳልፍም። ግን ክፍል ውስጥ አርባ ደቂቃ የሚቆም ሰው የሚያየውን እኔ አያለሁ። «ቲቸር አልገባኝም» ብሎ እጁን የሚያወጣው ያ ልጅ ሲቀር፣ ሳይገባቸው የተቀመጡት ሌሎቹም ዝም ይላሉ። እኔም የገባቸው መስሎኝ አልፋለሁ። ጎበዙም ልጅ የሚያስረዳው ሰው ያጣል፤ ሳያስረዳ ደግሞ የራሱንም ዕውቀት አያጠራም። ያ «አላልፍም» ያለው ልጅ የሰው ሰዓት ይዞ ነበር፣ እሱ ግን አያውቅም። እሱን የሚያውቅበት ቀን ደግሞ የራሱም ተራ ይመጣል።

እና ልጄ፣ ይሄን የምታነብ ከሆነ መልሴ ይሄ ነው። ና።

በነገራችን ላይ የሳይንስ ክበባችን ቅዳሜ ጠዋት አዳራሽ ውስጥ የራሱን አውሮፕላን ይሞክራል። ባልሳ የለንም፤ የተሰነጠቀ ቀርከሃ፣ ስስ ፌስታልና የብር ማሰሪያ ላስቲክ አለን። 20 ደቂቃ ይቅርና 20 ሰከንድ ከቆየች እልል እንላለን። ከተማ ውስጥ ያላችሁ የድሮ ተማሪዎቼ ብቅ በሉ። ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ ኑ፣ ሰዓት የሚይዝ ሰው ያስፈልገናል።