ወርዶ መውጣት

ደሴን የለቀቅነው ሳይነጋ ነው። ጉጉፍቱ ስንደርስ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ተሳፋሪው ሁሉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቧል። ረዳቱ ብቻ በስስ ሹራብ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሒሳብ ይሰበስባል።

የምሄደው ወደ መካነ ሰላም፣ የቦረና ወረዳ ከተማ ነው። ካርታ ላይ ከደሴ ቀጥታ መስመር ቢሰመር 105 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። መኪናችን ግን በለጋምቦ ደጋ ላይ ስትጠማዘዝ ውላ 180 ያህል ትጓዛለች። የአዲስ አበባው ይብሳል። አዲስ አበባና መካነ ሰላም ከሞላ ጎደል በአንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ ናቸው፤ በአየር 190 ኪሎ ሜትር ግድም። በደሴ ዞሮ የሚመጣ ሰው ግን 580 ያህል መጓዝ አለበት። የጀማና የወንጪት ገደሎች መሐል ገብተው ነዋ።

አቀስታ ላይ ቁርስ ስንበላ አጠገቤ የነበሩትን ሽማግሌ፣ «አባቴ፣ መካነ ሰላም አውሮፕላን ያርፍ ነበር ይባላል፤ እውነት ነው?» አልኳቸው።

«ምን ነካህ ልጄ! ሊያርፍ ሲል ከብቱን ከሜዳው የምናባርረው እኛ ነበርን እኮ። አንዲት ጊደር እንቢ ብላ፣ አውሮፕላኑ ላያችን ላይ ሁለት ጊዜ ዞሯል» አሉና በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ ክብ ሠሩልኝ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በረራ ሲጀምር የያዘው ዲሲ 3 የሚባለውን ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ነበር። ሣር ሜዳ ላይ ማረፍ ስለሚችል መንገድ ያልገባባቸው ብዙ የአውራጃ ከተሞች ከመኪና ቀድመው ያዩት አውሮፕላን ነው። የመካነ ሰላም አውሮፕላን ማረፊያ ዓለም አቀፍ መለያ፣ ኤም ኬ ኤስ፣ ዛሬም ከመዝገብ አልተሰረዘም። ከአባይ ማዶ ያለችው ሞጣም የራሷ አላት፤ ኦ ቲ ኤ።

ከመካነ ሰላም ሞጣ በአየር 100 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። የበረራ ሰዓት የሚያሰሉ ሰንጠረዦች በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር የሚከንፍ ጀት አስበው ስምንት ደቂቃ ይላሉ። የቀልድ ሒሳብ ነው፤ ጀቱ ጎማውን በቅጡ ሳያጥፍ ሞጣን ያልፋታል። እንደ ትዊን ኦተር ያለች፣ በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ግድም የምትበር አውሮፕላን ግን በ25 ደቂቃ ትደርሳለች። የአባይን ሸለቆ በጣት ለሚቆጠሩ ደቂቃዎች ከበላይ አይታው ማለፏ ነው።

በምድር የሚሄድ ሰው ግን ያን ሸለቆ መውረድ አለበት። ደጋው ላይ ጋቢ የደረበ፣ ወንዙ ዳር ሲደርስ ሸሚዙም ይከብደዋል። ከዚያ የጎጃሙን ሽቅብ ይያያዘዋል። ንግሥት እሌኒ ያሠራቻት የመርጡለ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ከመካነ ሰላም በቀጥታ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ ግን የበቅሎ መንገደኛ ለእንዲህ ያለው ርቀት ስንቅ ይቋጥር ነበር።

መካነ ሰላም ስንገባ ከሰዓት ሆኗል። መናኸሪያው በር ላይ አባይን ወደ ጎጃሟ ጉንደ ወይን የሚሻገር መኪና ጠየቅሁ።

«ጠዋት አለ፤ ሲሞላ ነው የሚነሳው» አለኝ ወረፋ አስከባሪው።

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«እንጃ፤ ወርዶ መውጣት ነው» ብሎ ስሜን ወረቀቱ ላይ ጻፈ። ከእኔ በፊት የተመዘገቡት ሦስት ናቸው፤ አንዷ ሁለት ዶሮ ይዛለች።