የሜጋፎኑ ጥያቄ

ሰመራ ያስተማርኳችሁ ልጆች፣ በተለይ የዚያ ማራገቢያው አንድ ክንፍ የጎደለው ክፍል ልጆች፣ ይቺን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። አንዳችሁን ይቅርታ ልጠይቅ ነው። ስሙን አልጠራም፣ ራሱ ያውቃል።

ስለ ዋት እያስተማርኩ ነበር። ከኋላ አንድ የአሳይታ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ አጎቴ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ሜጋፎን አለው። ሲናገርበት ከወንዙ ማዶ ይሰማል። ቤታችን ያለው ቴፕ ግን ላዩ ላይ 1000 ዋት ይላል፣ ድምፁ ከግቢ አይወጣም። ዋት ማለት ኃይል ከሆነ ይሄ እንዴት ነው?» ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። «የአጎትህ ጉሮሮ ነዋ!» አልኩትና ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። ልጁ ተቀመጠ። ከዚያ ቀን በኋላ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ጥያቄ ሲጠይቅ አላስታውስም።

እውነቱን ልናገር፣ መልሱን አላውቀውም ነበር። አላውቅም ማለት ግን አቃተኝ። መምህር የሆናችሁ ትረዱኛላችሁ። ይሄን ጉዳይ ረስቼው ኖሬ ያስታወሰኝ የአባቴ ስፒከር ነው።

አባዬ አዋሽ ሰባት ነው የሚኖረው። የባቡር ሰው ነበር። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ፣ አዋሽም በመሐል የባቡር ከተማ ሆና አደገች። አሁን አሮጌው ሐዲድ ዝም ብሏል፣ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም እ.ኤ.አ. በ2016 ተመርቆ በራሱ መንገድ ይሄዳል። የአባዬ ሳሎን ውስጥ ግን ከዚያ ዘመን የቀሩ ሁለት የእንጨት ሣጥኖች አሉ፤ ወገብ ድረስ የሚደርሱ፣ ፊታቸው በቡናማ ጨርቅ የተሸፈነ። ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ ፈረንጅ ከነሸክላ ማጫወቻው ትቶለት የሄደ ነው። ማጫወቻው እኔ ሳልወለድ ተቃጠለ። ሣጥኖቹ የአበባ ማስቀመጫ ሆኑ። ወንድሜ «እንሽጣቸው፣ ቦታ ያዙ» ሲል አባዬ እምቢ እንዳለ ነው።

አሁን ዓይኑ ደክሟል። ጋዜጣ ማንበብ ካቆመ ቆየ፣ ቴሌቪዥንም ለሱ ራዲዮ ሆኗል። የቀረው ጆሮው ነው። አንድ ጊዜ በቺቺ ትንሽ የብሉቱዝ ስፒከር ጥላሁን ገሠሠን ከፈትኩለት። ትንሽ አዳመጠና «ይሄ ሰውዬ ጠርሙስ ውስጥ ሆኖ ነው የሚዘፍነው?» አለኝ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ የሣጥኑን ጨርቅ ነካ። ሌላ ምንም አላለም። እኔ ግን ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በዚያው ሰሞን ውጭ አገር የሚኖር አንድ የድሮ ተማሪዬ የቲዩብ ሄድፎን አምፕሊፋየር ላከልኝ። እሱ አዲስ ገዝቶ አሮጌዋን ነው የላካት። ቲዩብ የማታውቁ ወጣቶች፣ አያቶቻችሁ ራዲዮ ውስጥ እንደ አምፖል የሚበራውን አስቡ። የዚህች ትልቁ ቲዩብ 6ኤኤስ7 ይባላል። ሲፈጠር ለሙዚቃ አልነበረም፤ ቮልቴጅ ለማረጋጋት የተሠራ ነው። ውስጡ ያለችው ማሞቂያ ብቻዋን በ6.3 ቮልት 2.5 አምፔር ትበላለች፣ ማለትም 16 ዋት ገደማ፣ ገና አንዲት ኖታ ሳይወጣ። ጆሮ ላይ የሚደርሰው ደግሞ አንድ ሦስተኛ ዋት ነው። ሰመራ ላይ፣ በግንቦት፣ ቤት ውስጥ ምድጃ ለኩሶ ሙዚቃ መስማት ማለት ነው። ባለቤቴ ያለችውን እዚህ አልጽፈውም።

ሐሳቤ ቀላል ነበር። እነዚያ ስፒከሮች የተሠሩት ቲዩብ ብቻ በነበረበት ዘመን ነው፣ እንግዲህ ቲዩብ ይፈልጋሉ። ለፋሲካ ወደ አዋሽ ስወርድ አምፕሊፋየሯን በጋቢ ጠቅልዬ፣ ቲዩቦቹን ነቅዬ ለብቻቸው በካልሲ ውስጥ አድርጌ፣ በሎጊያ፣ በሚሌና በገዋኔ መንገድ በሚኒባስ ጭኔ ላይ ይዣት ሄድኩ። የአሜሪካ ዕቃ ስለሆነች በ110 ቮልት ነው የምትሠራው። ከ220 ወደ 110 የምትቀይረዋን ትራንስፎርመር ረስቼ ብሰካት ኖሮ ታሪኩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። አልረሳሁም፤ ይቺን ያህልስ ፊዚክስ አስተምሬያለሁ።

ሰካሁ። ቲዩቧ ቀላች። ከስልኬ በሽቦ አገናኝቼ የአለሙ አጋን በገና ከፈትኩ። አባዬ ወንበሩን አስጠጋ።

አሳፈረኝ! ድምፁ የሚመጣው ከጎረቤት ቤት ይመስል ነበር። ከፍ ሳደርገው ተሰነጠቀ። ደግሞ ከበገናው 10 ጅማት አንዱ ወፍራም ጅማት ብቻ ሲነካ ቤቱን «ዉዉዉ» እያለ ይሞላዋል፣ ሌሎቹ የሉም። አባዬ በትዕግሥት አምስት ደቂቃ ያህል ሰማና «ግድ የለም ልጄ፣ አርጅተው ነው» አለ። ስፒከሮቹን ማለቱ ነው። ወንድሜም እዚያው ነበር። «አላልኳችሁም?» የሚል ፊት አየሁበት።

ሰመራ ተመልሼ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። እዚህ ጋ ትንሽ ሒሳብ አለ። ሒሳብ የማትወዱ እለፉት፣ እናንተ ተማሪዎቼ ግን እንዳታልፉት!

ስፒከር ሁሉ እኩል አይደለም። አንድ ስፒከር ላይ 1 ዋት ስትልኩ 1 ሜትር ርቀት ላይ ስንት ዴሲቤል ይሰጣል ብሎ መለካት ነው ቁም ነገሩ። የዛሬ ትንንሽ ስፒከሮች ብዙዎቹ 85 አካባቢ ናቸው። ከምትሰጧቸው ኤሌክትሪክ ወደ ድምፅ የሚለወጠው ከ1000 እጅ ሁለት ገደማ ነው፤ የቀረው ሙቀት ነው። ሰፊና ቀላል የወረቀት ሾጣጣ ያላቸው፣ ትልቅ ሣጥን ውስጥ የተቀመጡት የድሮዎቹ 95 ሊደርሱ ይችላሉ፣ ከ100 እጅ ሁለት ማለት ነው። 10 ዴሲቤል ልዩነት ማለት የ10 እጥፍ ኃይል ልዩነት ነው። ስለዚህ በአንዱ 10 ዋት የሚያስፈልገው ድምፅ በሌላው 1 ዋት ይበቃዋል። ያን ጊዜ እንዲህ የሚሠሩት ወደው አይደለም፤ የቤት ራዲዮ ኃይሉ ጥቂት ዋት ስለነበር ስፒከሩ ቆጣቢ መሆን ነበረበት። ኃይል ሲረክስ ሣጥኑ አነሰ፣ ቁጠባውም ተረሳ።

በዚህ ስሌት የኔ አንድ ሦስተኛ ዋት በአባዬ ስፒከር 90 ዴሲቤል መስጠት ነበረበት። ሰው በተለምዶ ሲያወራ በ1 ሜትር 60 ገደማ ነው። ታዲያ ለምን ሹክሹክታ ሆነ?

ምክንያቱም አምፕሊፋየሯ የተሠራችው ለ300 ኦም ሄድፎን ነው። 10 ቮልት ገደማ መስጠት ትችላለች፣ ኩረንቷ ግን 33 ሚሊአምፔር አካባቢ ላይ ያልቃል። በ300 ኦም ላይ ይሄ አንድ ሦስተኛ ዋት ነው። በ8 ኦም ስፒከር ላይ ግን ያው 33 ሚሊአምፔር ወደ 9 ሚሊዋት ብቻ ይሆናል። ጉልበተኛ ሰው ብስክሌት ላይ አውጥታችሁ ፔዳሉ እንዳይዝ ሰንሰለቱን ብትፈቱበት ምን ያደርጋል? በባዶ ነው የሚሽከረከረው።

የዚያች «ዉዉዉ» የምትል ጅማት ምሥጢርም እዚያው ወጣ። የአምፕሊፋየሯ የራሷ የውስጥ ተቃውሞ 80 ኦም ያህል ነው። ስፒከር ደግሞ ስሙ 8 ኦም ይሁን እንጂ አንድ ራሱ የሚወዛወዝበት ዝቅተኛ ኖታ አለው፤ እዚያ ላይ 50 ኦም ሊደርስ ይችላል። 80 ኦም ፊቱ ቆሞ ሲያካፍል ለ8 ኦሙ ከ11 አንድ እጅ ቮልቴጅ ይደርሰዋል፣ ለዚያች ኖታ ግን ከሦስት አንድ እጅ በላይ። ለአንዷ ልጅ ሙሉ እንጀራ፣ ለሌሎቹ ቁራሽ። ስፒከሩ አላረጀም፤ እኔ ነኝ በደል የፈጸምኩበት።

መድኃኒቱ ትራንስፎርመር ነው። 300 ኦም የሚመስል ጭነት ለአምፕሊፋየሯ የሚያሳይ፣ ለስፒከሩ ደግሞ 8 ኦም የሚሆን። ከየት ይመጣል? ከውጭ ላስመጣ ብዬ ዋጋውን አይቼ ስልኬን ዘጋሁት።

ሎጊያ የድምፅ ማጉያ የሚጠግን አንድ ባለሙያ አለ። ለሌላ ጉዳይ ሄጄ ጥግ ላይ የተጣለ የተቃጠለ የመስጊድ ቀንድ አየሁ፣ ከጀርባው ትራንስፎርመር ተሸክሟል። እንዴት ትዝ አላለኝም! መስጊዶችም አብያተ ክርስቲያናትም ሽቦው ረዥም ሲሆን በመንገድ ላይ ኃይል እንዳይባክን ድምፁን በ100 ቮልት ይልኩታል፣ እያንዳንዱ ቀንድ ጋ ሲደርስ ትንሿ ትራንስፎርመር ወደ 8 ኦም ታወርደዋለች። የዚህኛዋ ላይ 30 ዋት ተጽፏል። 100 በ100 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል 333 ኦም። እዚያው ቆሜ በጣቴ አቧራው ላይ ጻፍኩት።

«ይሄ ለሩቅ መንገድ ነው መምህር» አለኝ ባለሙያው፣ «ለሁለት ሜትር ሽቦ ምን ያደርግልሃል?» አስረዳሁት። ፈገግ አለ፣ ስፒከሩ ምን ያህል እንደሆነ ጠየቀኝ፣ ከዚያ ዋጋ ጨመረብኝ። ሁለተኛዋን ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጀብን።

(ልብ በሉ፦ ይህን የምትሞክሩ ካላችሁ የቲዩብ ዕቃ ሆዱን አትክፈቱ። ከሶኬት ከነቀላችሁት በኋላም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ሰው የሚገድል ቮልቴጅ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። እኔ የነካሁት ከውጭ ያለውን ሽቦ ብቻ ነው።)

በሚቀጥለው ዕረፍት ወደ አዋሽ ወረድኩ። ያው ጋቢ፣ ያው ካልሲ። አባዬ «ደሞ ይዘሃት መጣህ?» አለ። ወንድሜን ሆን ብዬ አልጠራሁትም።

ትራንስፎርመሮቹን መሐል አስገባሁ። በዚህ አገጣጠም የአምፕሊፋየሯ 80 ኦም ለስፒከሩ ሲታይ 2 ኦም እንኳ አይሞላም፣ ያቺ ኖታ ከእንግዲህ ብቻዋን አትፈነጭም። ያንኑ በገና ከፈትኩ። ጅማቶቹ አንድ በአንድ መጡ፤ የበገና ያ የሚነዝረው ነገር፣ የቁርበቷ እንዝርዝርታ፣ ከሣጥኑ ፊት ለፊት አየር ላይ ቆመ። ከዚያ ጥላሁንን አስከተልኩ። አባዬ አንገቱን ወደ አንድ ጎን አዘነበለ፣ ልጅ ሆኜ ጣቢያው ላይ የባቡር መምጣት ሲያዳምጥ እንደማውቀው። አልተናገረም። ሁለተኛው ዘፈን ላይ እጁን አነሳ።

«ቀንስልኝ፣ ጎረቤት አለ።»

ከአንድ ሦስተኛ ዋት ላይ ነው ቀንስልኝ የሚለኝ! ቁልፉን ግማሽ ድረስ መለስኩት። ወጥ ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ።

እንግዲህ የአሳይታው ልጅ፣ መልስህ ይኸውልህ። የአጎትህ ጉሮሮ አይደለም። የሜጋፎኑ ቀንድ ራሱ ትራንስፎርመር ነው። ትንሿ ሽፋን ብቻዋን ብትንቀጠቀጥ አየሩ በጣም ቀላል ስለሆነባት እንደዚያ ሰንሰለቱ እንደተፈታ ብስክሌት በባዶ ትሮጣለች። ቀንዱ በጠባቡ በኩል አየሩን ያከብድላታል፣ ቀስ በቀስ እየሰፋ ወደ ውጭው አየር ያደርሰዋል። ደግሞ ድምፁን ወደ አንድ አቅጣጫ ይሰበስባል፣ ባስ ለማውጣትም አይለፋም፤ ኃይሉ በሙሉ የሰው ጆሮ በደንብ በሚሰማው መሐለኛ ድምፅ ላይ ነው የሚያርፈው። ቤታችሁ የነበረው 1000 ዋት ደግሞ የሻጭ ቁጥር ነው፣ እውነተኛው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። የዕድር ጥሩምባ ነፊ ስንት ዋት አለው? ሳንባውና ቀንዱ ብቻ ነው ያለው፣ ሰፈሩ በሙሉ ግን ይሰማዋል። ይህን አንተ በ16 ዓመትህ አይተኸዋል፣ እኔ ዲግሪ ይዤ አላየሁትም። ክፍሉ ሲስቅብህ አብሬ መሳቄን ይቅር በለኝ።

አጎትህ ሜጋፎኑን አሁንም ይዞት ከሆነ የቀንዱን አፍ ስፋትና ርዝመቱን ለክተህ በውስጥ መስመር ላክልኝ። ለአባዬ በር ላይ የምትሆን አንዲት ልሠራ አስቤያለሁ፣ የራዲዮ ዜና በረንዳ ላይ ሆኖ መስማት ይፈልጋል።