ከሜንዴል አተር እስከ ሶዶ ገበያ

እኛ አራት የወላይታ ልጆች የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ባዮሎጂ ያጠናነው በዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ በሶዶ ከተማ፣ አንዱን መጽሐፍ ለአራት ሆነን ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ ቤታችን በወላይትኛ፣ ቀልዳችን ደግሞ ባብዛኛው በአማርኛ ነበረ። በሦስት ቋንቋ ተከፋፍሎ የገባን ዕውቀት ምን ያህል እንደ ተገጣጠመልን ለመናገር ይህን እንጽፋለን፤ ራሳችንን ለማመስገን እንዳልሆነ አንባቢ ከታች ያየዋል።

የዘር ትምህርት ሲደርስ ሁላችንም ደስ አለን። ስሌት አለውና፤ ስሌት ያለው ነገር ፈተና ላይ አያሳፍርም። ሜንዴል የተባለው መነኩሴ በገዳሙ አትክልት ቦታ አተር ሲያዳቅል ከ929 ተክሎች 705ቱ ሐምራዊ፣ 224ቱ ነጭ አበባ አወጡለት፤ ጥናቱንም በ1866 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ይህን ቁጥር ከእንቅልፋችን ቀስቅሰው ቢጠይቁን ዛሬም እንመልሳለን። አራት ማዕዘን እየሠራን፣ ትልቁንና ትንሹን ፊደል እየደረደርን «ሦስት ለአንድ!» ስንል ያመሸንባቸው ሌሊቶች ብዙ ናቸው። በደብተራችን መጨረሻ ላይ ደግሞ አንዲት አጭር ማስታወሻ ነበረች፤ የአንድ ፍጡር መልክና ሁኔታ የሚወጣው ከዘሩም ከአካባቢውም ነው የምትል። እርስዋንም ሸመደድናት፤ አልገባችንም እንጂ።

ከእኛ ጋር በአንድ ዴስክ የምትቀመጥ ልጅ ነበረች። እናትዋ በሶዶ ገበያ ስኳር ድንች ይሸጣሉ፤ ሁለቱም እግሮቻቸው ከጉልበት በታች አብጠዋል። ሕዝቡ ዝሆኔ የሚለው ነው። የልጅቱ እግር እንደ እኛው እግር ጤነኛ ነበረ፤ ሆኖም ደብተር የሚዋሳት አልነበረም። ዴስኩ ጠበበን ብለን ወደ ኋላ የተዛወርነው እኛው ነን።

አንድ ቀን ይህች ልጅ እጅዋን አወጣችና «መምህር፣ ዝሆኔ ዶሚናንት ነው ወይስ ሪሴሲቭ?» ብላ ጠየቀች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኛም ሳቅን። መምህሩ «ይህ ፈተና ላይ አይመጣም» አሉና ወደ ሰሌዳው ዞረው አተራቸውን ቀጠሉ። ልጅቱ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ሁለተኛ እጅዋን አላወጣችም።

የሚገርመው፣ በዚያው ሰሞን በሰፈራችን ከሽማግሌዎች ጋር እንከራከር ነበር። እነርሱ «ዝሆኔ በዘር ይሄዳል፤ ከዚያ ቤት አታግቡ» ሲሉ፣ እኛ ከጤና ሠራተኞች የሰማናትን ይዘን «ከአፈር ነው እንጂ ከዘር አይደለም፤ ይህ የድሮ አስተሳሰብ ነው» እያልን እንረታቸዋለን። ተምረናላ! አፋችን ከአፈር ነው ይላል፤ መቀመጫችን ግን ከልጅቱ ሸሽቷል።

ዩኒቨርሲቲ ከገባን በኋላ ነው ነገሩን በወጉ ያነበብነው። የደጋው ዝሆኔ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል፤ ቃሉ ከግሪክኛው እግርና አቧራ የተሠራ ነው። ኧርነስት ፕራይስ የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በአገራችን ብዙ አጥንተውታል። በትንኝ ከሚተላለፈው ከቆላው ዝሆኔ የተለየ ነው፤ ትል የለበትም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው ቀይ አፈር ውስጥ ያለው ደቃቅ ማዕድን በባዶ እግር ቆዳ በኩል ይገባል፤ የሰውነትን ፈሳሽ ወደ ላይ የሚመልሱት ቀጫጭን ቱቦዎች ይቆጣሉ፤ ይጠባሉ፤ እግሩም ያብጣል። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በወላይታ ከመቶ ሰው 5.46 ያህሉ ይህ በሽታ እንዳለበት አስፍሯል። ስለዚህ እኛ የሳቅነው በአንዲት እናት ላይ አልነበረም።

እስከዚህ ድረስ ሽማግሌዎቹን እንደ ረታን ነን። ቀጥሎ ያነበብነው ግን አስደነገጠን። ጌይል ዴቪና ባልደረቦቻቸው በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በወላይታ ለዚህ በሽታ ከመጋለጥ ልዩነት ውስጥ 63 በመቶ ያህሉ ከዘር ጋር የተያያዘ ሆኖ አግኝተውታል። በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቻቸው ከዚያው ከወላይታ ሕዝብ 194 ታማሚዎችንና 203 ጤነኞችን አነጻጽረው፣ የሰውነትን መከላከያ ከሚመሩት ጂኖች መካከል ኤች ኤል ኤ በሚባለው ስፍራ ልዩነት እንዳለ በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን አሳተሙ። እኛ በአተር ስንጨበጭብ፣ የጎረቤቶቻችን ናሙና የዓለም ሐኪሞች በሚያነቡት መጽሔት ላይ ታትሞ ነበረ። የልጅቱም ጥያቄ ከሳይንቲስቶቹ ጥያቄ የሚለየው በጥቂቱ ነው። ሽማግሌዎቹም ግማሽ እውነት ይዘው ኖረዋል።

ከመካከላችን አንዱ «እንግዲህ ይቅርታ እንጠይቃቸውና ከዚያ ቤት አናግባ ማለት ነው?» ብሎ አሾፈ። ማንም አልሳቀም። ሌሊቱን ስንከራከር አደርንና ያቺ የደብተር ማስታወሻ ትዝ አለችን። 63 በመቶ ማለት ከመቶ ታማሚ 63ቱን ያሳመማቸው ዘር ነው ማለት አይደለም። ልዩነቱ ምን ያህል በዘር ይገለጻል ማለት ነው፤ የሚለካውም ሰዎቹ በሚኖሩበት ሁኔታ ውስጥ ነው። ሁሉም በባዶ እግሩ ያንኑ ቀይ አፈር ሲረግጥ፣ አፈሩ አንዱን ከሌላው አይለይም፤ የሚታየው የዘሩ ልዩነት ብቻ ይሆናል። ሁሉም ጫማ ቢያደርግ ጂኑ እዚያው በቦታው ይኖራል፤ የሚቆጣበት አፈር ግን አያገኝም። ዶሚናንትም ሪሴሲቭም ብሎ በአራት ማዕዘን የሚያልቅ ነገር አይደለም።

በዕረፍት ወደ ሶዶ በሄድን ጊዜ የልጅቱን እናት ጠየቅናቸው። ጧትና ማታ እግራቸውን በውኃና በሳሙና እያጠቡ፣ ቅባት እየቀቡ፣ በፋሻ እያሰሩ እብጠቱ ቀንሶላቸው አገኘናቸው። በልክ የተሠራ ሰፊ ጫማ አድርገዋል፤ የገበያው ጫማ አይገባላቸውም። የተማርነውን ሁሉ፣ ስለ ደምም ስለ አፈርም፣ አወራናቸው። ዝም ብለው ሰሙንና «እናንተ ልጆች፣ ይህን ለእኔ ምን ያደርግልኛል? አምና ልጄን ሊጠይቁ መጥተው እግሬን አይተው ለተመለሱት ሰዎች ንገሩልኝ እንጂ» አሉ። ቡና አፈሉልን። የተመለሱት ሰዎች እነማን እንደ ሆኑ ግን አልነገሩንም፤ እኛም ደፍረን አልጠየቅንም።

ልጅቱ ዛሬ በሌላ ከተማ ትማራለች። በአራታችን ስም ደብዳቤ ጻፍንላት፤ መጀመሪያ ስለ ዴስኩና ስለ ሳቁ ይቅርታ፣ ቀጥሎ የጥያቄዋን መልስ፣ ሁለት ገጽ ሙሉ። መልስዋ ባጭሩ ነበረ። ይቅርታውን እንደ ተቀበለች ወይም እንዳልተቀበለች አልጻፈችም። ሰዎቹ እንግሊዝኛም ሆነ አማርኛ ስለማያነቡ፣ ሁለቱን ገጽ በወላይትኛ እንድንጽፈው ብቻ ጠየቀችን።

ጀምረናል። አፈሩ ቀላል ነው፤ ጫማውም ቀላል ነው። «ጂን» የሚለው ላይ ስንደርስ ግን ቆምን። ሁለታችን «ሱታ» እንበለው፣ ደም ማለት ነው፣ ሁሉም ይገባዋል እንላለን። ሁለታችን ደግሞ እነዚያ ሰዎች ከደጅ የተመለሱት ያንኑ ቃል ይዘው ነው፣ በእርሱ ከጻፍንማ ፈረድንባት ማለት ነው እንላለን። ወረቀቱ ሦስት ሳምንት ሆነው፤ ያቺ ስፍራ ገና ባዶ ናት። የቋንቋው ተወላጅ የሆነ አንባቢ የተሻለ ቃል ካለው በኅብረቱ ጽሕፈት ቤት በኩል ይላክልን።