ድሬ ላይ አስተርጓሚ አይጠፋም

ድሬዳዋ የገባ እንግዳ ሌላ ነገር ቢቸግረው እንጂ አስተርጓሚ አይቸግረውም። ከጣቢያው ወደ ከዚራ የወሰደኝ የባጃጅ ሾፌር ከጎኔ የተቀመጡትን እናት በሶማሊኛ፣ መንገድ ላይ ያቆመውን ሽማግሌ በኦሮምኛ፣ እኔን በአማርኛ እያናገረ ሂሳቡን ተቀበለ። በመሃል ስልኩ ጮኸ፤ ለደወለለት የሐረር ሰው በአደርኛ መለሰለት። ይህን እንደ ችሎታ የሚቆጥርለት የለም። እሱም አይቆጥረውም።

ይህን ያነሣሁት የመጣሁበት ጉዳይ ስለሆነ ነው። ሐረርጌ ከመቶ ዓመት በላይ ከባሕር ማዶ «ልርዳችሁ» ብሎ የሚመጣ ሰው አጥታ አታውቅም። መነኩሴ፣ ሐኪም፣ መምህር፣ የእርሻ ባለሙያ፣ የፊልም ተዋናይ ሳይቀር መጥቷል። ስለ እነሱ ብዙ ተጽፏል። እኔ የፈለግሁት በእነሱና በአገሬው መሃል የቆሙትን ነው፤ ንግግሩን ያሻገሩትን፣ ቁስሉን ያጠቡትን፣ በየምረቃው ድንጋይ ላይ ግን ስማቸው ያልተቀረጸውን።

ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ባይደርስ ኖሮ ድሬዳዋ የምትባል ከተማ አትኖርም ነበር። ሐዲዱን ሐረር ተራራ ላይ ማውጣት ወጪው ስለከበደ ጣቢያው ሜዳው ላይ ቀረ። ስለዚህ ወደ ሐረርጌ ሊነግድም ሊረዳም የመጣ ፈረንጅ መጀመሪያ እግሩን የሚያሳርፈው ድሬ ላይ ነበር። ከዚራን ፈረንጆቹ ለራሳቸው በማስመሪያ አሰመሩት፤ ጥላ ያለው ዛፍ በግራና በቀኝ፣ ቀጥ ያለ መንገድ። የደቻቱን ወንዝ ሲሻገሩ ያለው መጋላ ግን ማንንም ሳይጠይቅ ራሱን ሠራ። እኔ መጋላን እመርጣለሁ፤ ለእንቅልፍ ግን ከዚራ ይሻላል።

ቀትር ላይ ድሬ ውስጥ ሰው ቤት አይኬድም። ሱቁ ይዘጋል፣ ወንዱ ሽርጡን አሸርጦ ጥላ ይፈልጋል። የምፈልጋቸውን ጡረተኛ መምህር ለማግኘት ዐሥር ሰዓት ድረስ ጠበቅሁ። በረንዳቸው ላይ ነበሩ፤ ወንበር ሳቡልኝ፤ ሻይ መጣ።

«የሰላም ጓድ ነው የምትለኝ?» አሉ። «አዎ አስተምረውኛል። ሒሳብ።»

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1962 «የሰላም ጓድ» የተባሉ ሦስት መቶ የሚጠጉ አሜሪካውያን በጎ ፈቃደኞች በአንድ ጊዜ ኢትዮጵያ ገቡ። መሪያቸው ኋላ የአሜሪካ ሴናተር የሆኑት ሃሪስ ዎፎርድ ነበሩ። አብዛኞቹ ገና ከኮሌጅ የወጡ ወጣቶች ሲሆኑ በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተበተኑ፤ በየዓመቱም ሌሎች ተከተሏቸው። የአገሪቱ የመምህር እጥረት እንዲያ የከፋ ስለነበር አንድ አሜሪካዊ ያልደረሰው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ብዙ አልነበረም።

«ጎበዞች ነበሩ» አሉ ጋሼ። «እንግሊዝኛቸው ግን በአፍንጫ ነው። የመጀመሪያውን ወር ያስተማረን አሜሪካዊው አይደለም፤ ሲኒማ የሚያዘወትር አንድ ልጅ ነበር፣ እሱ ብቻ ነው የሚሰማው። እሱ ሹክ ይለናል፣ እኛ እንጽፋለን።»

«ልጁስ የት ደረሰ?»

«አሥረኛን ሳይጨርስ ባቡር ድርጅት ተቀጠረ። እኛ በእሱ ጆሮ ዩኒቨርሲቲ ገባን።»

በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የተማሪው ንቅናቄ ሲጋጋል የሰላም ጓድ ከአገር ይውጣ የሚል ጩኸትም አብሮ ተነሣ። ጋሼ ይህንን አይደብቁም። ጠዋት አልጀብራ የተማሩበትን ሰውዬ ከሰዓት በኋላ «ውጣልን!» ብለው ጮኸውበታል፤ በማግሥቱም ደብተራቸውን ይዘው ክፍሉ ገብተዋል። መምህሩ ምን አለ ብላቸው፣ «የቤት ሥራ አረመ» አሉኝ።

በዚያው ዘመን የአገር ልጅም ወደ ገጠር መላክ ጀምሮ ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ ማገልገል ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ግዴታው ሆነ። በ1967 ደግሞ የእድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 ገደማ ተማሪና መምህር ይዞ ወጣ። ጋሼም ዘምተዋል። ፈቅደው ነው ወይ ብላቸው ሳቁ፤ ያልዘመተ ትምህርትም ሥራም አልነበረውም። ከቡድናቸው ኦሮምኛ የሚችሉት እሳቸው ብቻ ስለነበሩ የገጠር መሬት አዋጁን ለገበሬው ያስረዱት እሳቸው ናቸው።

«መሪያችን አንድ ሰዓት ሙሉ ይናገራል። እኔ በአምስት ደቂቃ እጨርሰዋለሁ። ገበሬው ያጨበጭባል፤ መሪያችን ለእሱ ይመስለዋል።»

በማግሥቱ ወደ ሐረር ወጣሁ። የደንገጎን ዳገት ሲጨርሱ አየሩ ይለወጣል፤ ድሬ ላይ ሸሚዝ የከበደው ሰው ጃኬት ያምረዋል። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በስተቀኝም በስተግራም ማሳው ሰፊ ነው። ያኔ ዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ሲባል ያቋቋሙት ከኦክላሆማ የመጡ መምህራን ናቸው፤ ስምምነቱ እ.ኤ.አ. በ1952 ተፈርሞ እስከ 1968 ቆዩ። እነሱ በጎ ፈቃደኞች ሳይሆኑ ደመወዝተኞች ስለነበሩ እዚህ አላቆምም። አወዳይም አላቆምም፤ አወዳይ የሚቆም ሰው ጫቱን ሳይገዛ አይሄድም።

የሄድኩት ቢሲዲሞ ነው። ከሐረር ወደ ባቢሌ አቅጣጫ ትገኛለች። እ.ኤ.አ. በ1957 ቩርትስቡርግ በምትባል የጀርመን ከተማ ጥቂት ሰዎች ተሰባስበው የሥጋ ደዌ ሕሙማንን የሚረዳ ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ ዛሬ በብዙ አገር ይሠራል፤ የመጀመሪያ ሥራው ግን ቢሲዲሞ ነበረች፤ በማግሥቱ ዓመት። የሠሩት የሕክምና ጣቢያ ብቻ አይደለም። ሕሙማኑ ከነቤተሰባቸው የሚኖሩበት መንደር፣ የሚያርሱት መሬት፣ ልጆቻቸው የሚማሩበት ትምህርት ቤት አብሮ ቆመ። ያኔ ይህ በሽታ የያዘው ሰው ከቀዬው ወጥቶ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ደጃፍ ይወድቅ ነበርና፣ መድኃኒት ብቻ ሰጥቶ ወደየት ይመልሱታል?

ከዚያ ዘመን ጀምሮ ከጀርመን ነርሶች፣ ሐኪሞች፣ ግንበኞች፣ ገበሬዎች ተመላልሰዋል። ቋንቋው እንዴት ይሄድ እንደነበር የነገሩኝ በወጣትነታቸው እዚያ ድሬሰር ሆነው የጀመሩ አዛውንት ናቸው። ሐኪሙ በጀርመንኛ ያስባል፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ይናገራል፤ አንዱ ወደ አማርኛ ይመልሰዋል፤ እሳቸው ደግሞ ወደ ኦሮምኛ ወይም ወደ ሶማሊኛ። በመንገድ ላይ ምን ያህል ይፈስ ነበር ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ይፈሳል። ግን እኛም እንጨምርበታለን» አሉ።

ሥጋ ደዌ ነርቭን ይገድላል። እግሩ የማይሰማው ሰው እሾህ ሲወጋው፣ ፍም ሲረግጥ አያውቅም፤ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ጣት ይሄዳል። ስለዚህ ትልቁ ሕክምና ኪኒን ብቻ አይደለም፤ በሽተኛው በየማታው እግሩን አጥቦ፣ አገላብጦ እንዲያይ ማስለመድ ነው። ሐኪሙ በየጠዋቱ ይህንኑ ይላል፤ በሽተኛው በየሳምንቱ አዲስ ቁስል ይዞ ይመጣል። የማያመውን እግር ምን ብሎ ያየዋል?

«አንድ ቀን ዶክተሩ ያለውን ተውኩትና፣ በሬህ ከእርሻ ሲመለስ ሰኮናውን ታያለህ አይደል? አልኩት። እንዴታ! አለ። በሬው አመመኝ ብሎህ ነው? አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ ወዲያ እግሩን ያይ ጀመር።» ዶክተሩ ትርጉሙ ከንግግሩ መርዘሙን አስተውሎ ምን እንዳሉት ጠየቃቸው። ሲነግሩት ወረቀት አወጣና ጻፈው። ከአገር እስኪወጣ ድረስ ስለ በሬው በራሱ አፍ፣ በራሱ ኦሮምኛ ይናገር ነበር፤ «ኦሮምኛው ግን አይነሣ» አሉ አዛውንቱ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 የተጣመሩ መድኃኒቶችን እንዲሰጡ ከመከረ በኋላ በሽታው ዕድሜ ልክ የሚታከሙት መሆኑ ቀረ። ዛሬ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት በሚወሰድ መድኃኒት ይድናል። ቢሲዲሞም የማንኛውም በሽተኛ ሆስፒታል ሆናለች።

በዚያው እ.ኤ.አ. በ1981፣ በዚያው የሐረርጌ ምድር ሌላ ጀርመንኛ ተናጋሪ መጣ። ካርል ሃይንስ በም በ«ሲሲ» ፊልሞች ላይ ንጉሠ ነገሥት ፍራንስ ዮሴፍን ሆኖ በመላው አውሮፓ የታወቀ ተዋናይ ነበር። ግንቦት 8 ቀን 1973 ዓ.ም. በአንድ የጀርመን የቴሌቪዥን ውርርድ ላይ ቀርቦ፣ ከተመልካቹ ሢሶው እንኳ ለተራቡት አንዳንድ ማርክ አያዋጣም ብሎ ተወራረደ። ሢሶው አልሰጠም፤ የተሰበሰበው ግን ከሚሊዮን ማርክ በላይ ነበር። እሱም ገንዘቡን ይዞ ራሱ መጣ። ባቢሌ መጠለያ ውስጥ የከረሙ ተፈናቃዮችን አገኘና በኤረር ሸለቆ እንዲሰፍሩ በመርዳት ጀመረ። «ሰዎች ለሰዎች» የሚባለው ድርጅት የተወለደው እንዲህ ነው።

ዝነኛ ሰው የተራበ ሕፃን አቅፎ ፎቶ ሲነሣ ብዙ አይተናል፤ አልወደውም። ይህኛውን የምለይበት ምክንያት አለኝ። አንደኛ፣ ትወናውን ትቶ ቀሪ ዕድሜውን እዚህ ሥራ ላይ አዋለ። ሁለተኛውና ለእኔ ዋናው፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ሥራውን የሚሠሩት ከሞላ ጎደል ሁሉም ኢትዮጵያውያን መሆናቸው ነው። ባለቤቱ አልማዝም የጅጅጋ ተወላጅ ናቸው፤ በድርጅቱ ውስጥ የእንስሳት እርባታ ባለሙያ ነበሩ፤ ኋላ ድርጅቱን ራሱን መሩት። የኢትዮጵያ የክብር ዜግነት እ.ኤ.አ. በ2003 የተሰጠው በም በ2014 ዐረፈ። ሐረር ያለው የእርሻና የቴክኒክ ኮሌጁ ግን ዛሬም ያስተምራል።

አሁን ለሁለት ሳምንት ገንዘብ ከፍለው «ለማገልገል» የሚመጡ ወጣቶች አሉ። እንግሊዝኛ ያስተምራሉ ይባላል። ክፍሉ ውስጥ መምህር አለ፤ እሱ ጥግ ይቆማል፣ ያስተረጉማል፣ ፎቶ ያነሣል፤ ሲሄዱ ካቆሙበት ይቀጥላል። ልጆቹ ይደሰታሉ፤ ክፋት የለውም። ጥቅሙ ግን ለመጪው ነው እንጂ ለተቀባዩ መሆኑን መካድ አይገባም።

ድሬ ተመልሼ ያገኘኋት ወጣት ከእነዚህ አልነበረችም። ከአውሮፓ ነው የመጣችው፤ የምታጠናው የወባ ትንኝ ነው፤ በትርፍ ጊዜዋ ከከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጋር ቤት ለቤት ትዞራለች። ድሬ በጎርፍና በወረርሽኝ በኩል ዕድለኛ አይደለችም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 29 ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ወስዷል። እ.ኤ.አ. በ2013 ደንጊ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ ከተማውን አንቀጥቅጧል። በ2022 ደግሞ በበጋ፣ ጠብ በማይልበት ወቅት፣ ወባ ተነሣ፤ በጥቂት ወራት ከ2,400 በላይ ሰው ታመመ። ምክንያቱ አኖፌለስ ስቴፈንሲ የሚባል፣ ከእስያ የመጣ ትንኝ ነው። አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ነበር። የለመድነው የወባ ትንኝ ረግረግና ኩሬ ይፈልጋል፤ ይህኛው የከተማ ነው፤ በርሜል፣ ጀሪካን፣ ሮቶ ይበቃዋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ደግሞ በርሜል የሌለው ቤት የለም።

መጋላ በኩል አንድ ግቢ ገባን። ፈረንጂቱ በርሜሉን በባትሪ አየችና በእንግሊዝኛ «ይህ ውሃ መደፋት አለበት» አለች። ባለሙያዋ ወደ እናትየዋ ዞራ በሶማሊኛ ረዘም አድርጋ ተናገረች። እናትየዋ ገብተው አሮጌ ሻሽ አመጡ፤ ሁለቱ ሆነው በርሜሉ አፍ ላይ ወጠሩና በገመድ አሰሩት። ፈረንጂቱ ግራ ገባት።

«ድፉት አላልኳቸውም» አለችኝ ባለሙያዋ በአማርኛ። «አቦ፣ ድሬ ላይ ውሃ ድፉ ማለት ስድብ ነው! ትንኟ እንዳትገባ እንሸፍነው፣ ያለውን ዛሬ ልብስ እጠቡበት ነው ያልኩት።» ከዚያ ለፈረንጂቱ በእንግሊዝኛ አስረዳቻት። ልጅቱ ደብተሯ ላይ አንድ መስመር ሰርዛ ሌላ ጻፈች።

ከጓሮ ደግሞ በግንብ ላይ የተቀመጠ ሮቶ ነበር፤ ክዳኑ ተሰንጥቋል። ሁለቱም አይደርሱበትም።

«ጋሼ፣ እርስዎ ቁመት አለዎት» አለች ባለሙያዋ፤ «በሞቴ ያንን ይዩልን።»

ወንበር ላይ ወጣሁ። ባትሪውን አቀበለችኝ።

«እጭ አለበት?»

«አለበት።»

«ብዙ ነው?»

«ሙሉ ነው።»

«እንግዲያውስ በዚህች ጭልፋ ቀድተው ያውርዱልን» አለች፤ «እናታችን በዓይናቸው ካላዩ አያምኑንም።»