ጉልበት ከመጨመራችሁ በፊት የተሰረቀውን መልሱለት

«ተርቦ ላስገጥም ወይስ ፖምፓውን ላስከፍተው?» የሚል ጥያቄ በዚህ ወር ብቻ ከሦስት ሰው ደረሰኝ። አንዱ እዚሁ ነገሌ ነው ያለው፣ አንዱ ያቤሎ፣ ሦስተኛው ሞያሌ። ሦስቱም የያዙት አሮጌ ፒክአፕ ነው፤ እሮሯቸውም አንድ ነው፦ ጭነት ይዞ ዳገት አይወጣም፣ ናፍጣም ይጠጣል። በውስጥ መስመር ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው ብዬ ነው። ይረዝማል፣ ታገሡኝ፤ በዚህ ጉዳይ ገንዘቤንም እንቅልፌንም ከፍዬበታለሁ።

የእኔዋ ሃይሉክስ ናት፤ ደብል ጋቢና፣ መካኒኮች «ስሪ ኤል» የሚሉት ባለ 2.8 ሊትር ሞተር ያላት። ተርቦ የላትም፣ ኮምፒውተር የላትም። ከፋብሪካ ስትወጣ እንኳ የፈረስ ጉልበቷ 90 ገደማ ነበር፤ ስለዚህ የአዲስ መኪና ሩጫ አልጠብቅባትም። ገዝቼ ከአዲስ አበባ ሳመጣት ግን ከዚያም ያነሰች ሆና አገኘኋት። ሐዋሳን አልፌ የቦሬን ዳገት ስጀምር ወደ ሁለተኛ ማርሽ ወረደች፤ በመስታወት ወደ ኋላ ስመለከት መንገዱ በጥቁር ጭስ ተሸፍኗል። በርበሬ የጫነ አይሱዙ ጥሩንባውን እየነፋ አልፎኝ ሄደ።

መንገድ ላይ ካለ ከተማ አንድ ጋራዥ አስገባኋት። «ፖምፓው ተጨቁኗል፣ ትንሽ እንክፈትልህ» አሉኝ። ከፖምፓው ጀርባ ያለችውን ብሎን ዞር አደረጓት፤ አምስት ደቂቃም አልፈጀባቸው። ለሁለት ሳምንት መኪናዋ በረረች። ከዚያ የሙቀቱ መርፌ ከፍ ከፍ ማለት ጀመረ፣ ራዲያተሩ በየቀኑ ውኃ ጠየቀ፣ ጠዋት ስትነሳ ነጭ ጭስ። ቴስታታው ሲወርድ ጓርኒሲዮኑ ተበልቷል፣ በሁለት ቫልቮላ መሀል ደግሞ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለች። ሌላ ቴስታታ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ድረስ ሰው ላክሁ።

ሞተሩን የፈታልኝ ዕድሜውን በሙሉ በጭነት መኪና ሥር ያሳለፈ የነገሌ ሰው ነው። ጋሼ ነው የምለው። እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ልጄ፣ ይህ ሞተር ጉልበት አላነሰውም፤ ተሰርቆበት ነው። ሌባ እየገባበት ላለ ቤት አንተ ዕቃ ትገዛለታለህ?» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ የተማርኩት ሁሉ ይህችን ንግግሩን መፍታት ነው።

ናፍጣ የሚነደው ባለው አየር ልክ ነው። አየሩ ሳይጨምር ናፍጣውን ብቻ ብትጨምርለት የተረፈው በጭስ ይወጣል፣ ሙቀቱ ደግሞ ፒስተኑና ቴስታታው ላይ ይቀራል። ጥቁር ጭስ የጉልበት ምልክት የሚመስለው ሾፌር በአካባቢያችን ብዙ ነው። በማርሽ ቅያሪ ጊዜ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ጭስ አያስጨንቅም፤ ዳገቱን ሙሉ የሚከተልህ ጭስ ግን ከማርሚታህ እየወጣ ያለ ብር ነው።

በዚህ ላይ መንገዳችን ለሞተር ልዩ ፈተና ነው። ቦሬ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,600 ሜትር ያልፋል፣ ነገሌ 1,475 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ዶሎ ኦዶ ደግሞ ወርዳ ወርዳ 200 ሜትር አካባቢ ትደርሳለች። ከፍታው በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ገደማ ይቀንሳል። አንድ ሾፌር በሁለት ቀን ውስጥ በሦስቱም አየር ያሽከረክራል። ፖምፓውን ዶሎ ላይ አስተካክለህ ቦሬ ብትወጣ ያጨሳል፤ ቦሬ ላይ አስተካክለህ ዶሎ ብትወርድ ትንሽ የደከመ ይመስልሃል። ጋሼ የሚመርጠው ሁለተኛውን ነው፦ ጭነት ይዘህ አዘውትረህ ለምትወጣው ከፍተኛ ዳገት አስተካክለው፣ ቆላ ላይ ትንሽ ጉልበት ብትቀርብህ ሞተርህ ይተርፋል። እኔም ዛሬ የማምነው ይህንኑ ነው።

ዋናው ሌባ ግን አቧራ ነው። እስቲ እንቁጠረው። 2.8 ሊትር የሆነ ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር 1,500 ጊዜ አየር ይስባል፤ ይህም በደቂቃ 4,200 ሊትር ነው። በ20 ሊትር ጀሪካን ብትሰፍረው 210 ጀሪካን አየር፣ በየደቂቃው። የፊልቱን ኮረኮንች ከመኪና ጀርባ የነዳ ሰው ያ አየር ምን እንደሚመስል ያውቀዋል። የእኔ ፊልትሮ ላይ ላዩን ሲታይ ደህና ነበር። ጋሼ ግን ፊልትሮውን ትቶ ከፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የጎማ ቱቦ ፈታና ጣቱን ወደ ውስጥ ሰደደ። ሲያወጣው ጣቱ በነገሌ አፈር ቀልቷል። ቱቦውን ገልብጦ ሲያሳየኝ ፋሸታው የሚያስርበት ላይ፣ ከሥር በኩል፣ ጎማው ደርቆ ተሰንጥቋል። ፊልትሮው በር ላይ እንዳለ ዘበኛ ነው፤ አቧራው ግን በጓሮ አጥር እየገባ ነበር። ያ አፈር ከዘይት ጋር ሲገናኝ ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል፤ ፋሻውንና ሲሊንደሩን ይፍቃል፣ እመቃው ይወርዳል። የናፍጣ ሞተር ደግሞ ካንዴላ የለውም፤ የሚያነደው እመቃው ብቻ ነው።

ቱቦውን ቀየርን፣ የፊልትሮውን ቤት አጥበን ከንፈሩ በደንብ መግጠሙን አረጋገጥን፣ አየር መሳቢያውንም ጣሪያ ከፍታ ላይ አወጣነው፤ ጫፉ ላይ አቧራውን አሽከርክሮ የሚጥል ማጠራቀሚያ አለው። ሰው ውኃ ለመሻገር የሚገጠም ይመስለዋል፤ ለእኛ ጥቅሙ የፊት መኪና ከሚያነሳው አቧራ በላይ መተንፈሱ ነው። ካወጣሁት ገንዘብ ሁሉ የማይቆጨኝ ይህ ነው። አንድ ምክር ልጨምር፦ ፊልትሮ በኮምፕሬሰር ስታስነፉ አየሩ ከውስጥ ወደ ውጭ ይምጣ፣ በጣምም አታስጠጉት። ወረቀቱ አንዴ ከተበሳ የለም ማለት ነው።

ሁለተኛው ሌባ ናፍጣው ውስጥ ያለው ውኃ ነው። በእኛ ከተሞች ማደያው ያለ ናፍጣ የሚውልበት ቀን አለ፣ በጀሪካን የምንገዛበት ቀን ደግሞ አይቀርም። ጀሪካኑ ትናንት ምን እንደያዘ ማን ያውቃል? የናፍጣ ፊልትሮው ሥር ያለችውን ማፍሰሻ ፈታ አድርጌ ወደ ውኃ ፕላስቲክ ሳፈስ መጀመሪያ የወጣው ናፍጣ አልነበረም፤ ከታች የተኛ፣ ዝገት የመሰለ ቡናማ ውኃ ነው። ፖምፓና ኖዝል የሚለሰልሱት በሚያልፍባቸው ናፍጣ ነውና ውኃ ሲገባ ብረት ከብረት ይፋጫል። አራቱ ኖዝሎች መሞከሪያው ላይ ሲወጡ ሁለቱ እንደ ጉም ይረጩ ነበር፣ አንዱ እንደ ቧንቧ ቀጥ ብሎ ይፈሳል፣ አንዱ ደግሞ ጫፉ ላይ ያንጠባጥባል። የሚያንጠባጥበው ኖዝል ያለበት ሲሊንደር ናፍጣ ይበላል እንጂ አይሠራም። ጫፎቻቸው ተቀይረው ግፊታቸው እኩል ሲደረግ ሚኒሞው ላይ የነበረው መንቀጥቀጥ ራሱ ጠፋ። አሁን ማፍሰሻዋን በየሁለት ሳምንቱ እከፍታለሁ፤ የጀሪካን ናፍጣም ሳላሳድር፣ ሳላጣራ አልሞላም።

ቺንጋውንም አትርሱ። ይህ ሞተር የሚያዘው በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ እንዲቀየር ነው፤ ከሰው የተገዛ መኪና ላይ ግን መቼ እንደተቀየረ የሚነግርህ የለም። ከተበጠሰ ቫልቮላና ፒስተን ይጋጫሉ። ስለዚህ ቀይረህ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ኮፈኑ ሥር በቀለም ጻፍ፤ በዚያው የፖምፓው ሰዓትም ይስተካከላል።

ጎማ ላይ ደግሞ ብዙ እልህ አይቻለሁ። የቀድሞው ባለቤት ለግርማ ሞገስ ብሎ 265/75 በ16 አስገጥሞባት ነበር፤ ከፋብሪካ የመጣችው በ205 በ16 ነው። ትልቁ ጎማ በቁመት ዘጠኝ ከመቶ ያህል ይበልጣል። ይህ ማለት ሳታውቀው ማርሹን ሁሉ አክብደህበታል፤ በአራተኛ ይወጣ የነበረውን ዳገት በሦስተኛ ትወጣዋለህ። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውም ይዋሻል፣ ከሄድከው አሳንሶ ይቆጥራል። ወደ ቀጭኑ ጎማ ስመልሳት ሰዎች «አሳነስካት» አሉኝ። ቦሬ ላይ ግን አራተኛ ማርሽ ተመለሰችልኝ። ባዶ ፖርታ ባጋሊውንም አወረድኩት፤ አየር የሚገፋው ብረት ነውና። በ100 ስትነዳ አየሩ የሚገፋህ በ80 ከሚገፋህ አንድ ጊዜ ተኩል ይበልጣል፤ አሮጌ ፒክአፕ ሰማንያን ሲያልፍ ናፍጣው የሚሄደው አየር ለመቅደድ ነው።

ውጤቱን በማስታወሻ ደብተር ይዣለሁ፤ ታንከሩን ጢም እስኪል ሞልቼ፣ ሄጄ፣ መልሼ ጢም እስኪል ሞልቼ፣ የቆጣሪውን ስህተት አርሜ። በፊት በሊትር 7.2 ኪሎ ሜትር ነበር፣ አሁን 8.8 ነው። ከነገሌ አዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ለአንድ ጉዞ 15 ሊትር ተረፈኝ ማለት ነው። ሐምሌ 2014 ላይ ናፍጣ አዲስ አበባ ውስጥ በሊትር 49 ብር ከ02 ሳንቲም ነበር፤ ታኅሣሥ 2017 ሲያልቅ 98 ብር ከ98 ሳንቲም ገባ። በዚያ ሒሳብ 15 ሊትር 1,500 ብር ገደማ ነው፣ በአንድ መሄጃ ብቻ። በጀሪካን ለሚገዛ ሰው ደግሞ ከዚያም በላይ።

አዲስ ግዛ የሚለኝ ሰው አለ። በምን አቅም? የናፍጣና የቤንዚን የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መንግሥት ከ2016 ወዲህ ከልክሏል፣ የፒክአፑ ዋጋም አብሮ ሰማይ ወጥቷል። እጃችን ላይ ያሉት አሮጌዎቹ ናቸው። ከ2013 እስከ 2015 የጋናውም የሐገያውም ዝናብ ተከታትሎ ሲከዳን፣ አምስት ወቅት በተከታታይ ዝናብ ሲቀር፣ ለከብቱ ድርቆሽ፣ ለሰው በበርሜል ውኃ ሲያመላልሱ የነበሩት እነዚሁ መኪኖች ናቸው። ምጥ የያዛትን እናት በሌሊት ወደ ሆስፒታል የሚያደርሳትም ብዙ ጊዜ የጎረቤት ፒክአፕ ነው።

ይህ ከተማ የአንድ ብልሽት ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ያውቃል። ጥር 1966 እዚሁ ነገሌ የነበረው 4ኛ ብርጌድ ያመፀው በምግቡ መበላሸትና በውኃ ነው፤ የወታደሩ የውኃ ፓምፕ ተበላሽቶ ሳይጠገን ቀረ፣ መኮንኖቹ ደግሞ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዳይቀዳ ከለከሉ። የዚያ ዓመት አብዮት ከተነሣባቸው ቦታዎች የመጀመሪያው ይህ ነው። ከፓምፑ የከፋ በደል እንደነበረ አውቃለሁ፤ ግን በበረሃ ዳር ላለ ሰው በጊዜው ያልተጠገነ ማሽን ተራ ነገር አይደለም።

ወደ ተርቦው ልመለስ። ላንድክሩዘር ፒክአፕ ያላችሁ፣ «ዋን ኤች ዜድ» የሚባለው ባለ 4.2 ሊትር ሞተራችሁ ያለ ተርቦ እንዲሠራ ታስቦ የተሠራ ነው። ቶዮታ ራሱ ተርቦ ሲፈልግ ናፍጣው በቀጥታ ፒስተኑ ላይ የሚረጭበትን «ዋን ኤች ዲ ቲ» የሚል ሌላ ሞተር ሠራ። ግፊቱ ዝቅ ብሎ፣ የጭሱን ሙቀት የሚያሳይ ጌጅ ገብቶ፣ ራዲያተሩ ታጥቦ፣ ፖምፓው በመሣሪያ ከተስተካከለ ተርቦ የሚያኮራ ሥራ ነው፤ በዚህ መንገድ ገጥመው ለዓመታት የሚነዱ አሉ። ያለ ጌጅና ያለ መሣሪያ፣ በጆሮ ብቻ ከሆነ ግን የእኔን ቴስታታ አስቡ።

ባለፈው እሑድ የነገሌው ጠያቂዬ ላንድክሩዘሩን ይዞ ግቢዬ መጣ። የተርቦ ዋጋ አስጠይቆ ብሩንም አዘጋጅቷል። «ወንድሜ፣ አንድ ነገር ብቻ እንይ» አልኩትና ከፊልትሮው በኋላ ያለውን ቱቦ ፈታን። ነጭ ሶፍት ሰጥቼው ራሱ ውስጡን እንዲጠርግ አደረግሁ። ሶፍቱን አውጥቶ ገለጠው፣ በፀሐይ በኩል አዙሮ አየው፣ ከዚያ ምንም ሳይናገር ሄዶ ከጋቢናው ቁልፍ መፍቻውን ይዞ መጣ።