የሰው መብትና የማጀታችን ደጃፍ

ዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ ታኅሣሥ 1 ቀን 1941 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1948) በፓሪስ ከተማ በጸደቀ ጊዜ፥ ከ58ቱ የተባበሩት መንግሥታት አባሎች 48ቱ ደገፉት፤ 8ቱ ድምፃቸውን አቀቡ፤ 2ቱ በድምፅ አሰጣጡ አልተገኙም፤ የተቃወመው ግን አንድ ስንኳ አልነበረም። ሀገራችን ኢትዮጵያም ከደጋፊዎቹ አንዷ ነበረች። እንግዲህ በቃል የሚቃወመው ያልተገኘ ነገር በሥራ ላይ ይህን ያህል የሚጣሰው ስለ ምንድን ነው? ይህ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ጦርነትና ስለ ወህኒ ቤት ሲነሣ እንሰማለን። እኛ ግን ለዛሬው ወደሚቀርበን ስፍራ፥ ወደ ማጀታችን፥ ልናመጣው ወደድን።

መግለጫው ሲረቀቅ አንዲት ቃል አከራክራ ነበር። የመጀመሪያው አንቀጽ በእንግሊዝኛ «ወንዶች ኹሉ» ተብሎ ሊተረጐም በሚችል ቃል ተጽፎ ሳለ፥ የህንድ መልእክተኛ የነበሩት ወይዘሮ ሐንሳ መሕታ ይህ አጻጻፍ ሴቶችን ለማስቀረት ምክንያት ይኾናል ብለው ስለ ተሟገቱ «ሰዎች ኹሉ» በሚል ተለወጠ። በአማርኛችን «ሰው» ስንል ወንዱንም ሴቲቱንም ስለምንጠራ ክርክሩ ለእኛ ሩቅ ይመስል ይኾናል። ነገር ግን እኛም ሰው ስንቈጥር የምንዘለው አለ። እንግዳ መጥቶ «ቤት ማን አለ?» ብሎ ሲጠይቅ፥ «ማንም የለም፤ ሠራተኛዋ ብቻ ናት» ተብሎ ሲመለስለት ያልሰማ ከአንባቢዎቻችን መካከል የሚገኝ አይመስለንም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአዲስ አበባ ለጥየቃ በገባንበት አንድ ቤት ቡና ያፈላችልን ልጅ 13 ዓመት ቢኾናት ነው። ከገጠር ያመጣት ደላላ ነበር። የራሷ ስም ከቤቱ ልጅ ስም ጋር አንድ ስለ ነበረ፥ ሞክሼዎቹ እንዳይምታቱ ሲባል ለእርስዋ ሌላ ስም ወጥቶላታል። ስለ ደመወዟ ብንጠይቅ እመቤቲቱ፥ «እኔ ዘንድ ይጠራቀምላታል፤ ደግሞስ ምን ጐደለባት? እንደ ልጄ እኮ ናት» አሉን። ወይዘሮዋ ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ልጅቱ በታመመች ጊዜ ሐኪም ቤት ይዘዋት የሮጡት እርሳቸው ናቸው፤ ለበዓልም ልብስ ይገዙላታል። ነገሩ እንድናስብበት ያደረገንም ይህ ደግነታቸው ነው፤ ጨካኝ ቢኾኑማ ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ ባልደከምን ነበር።

«እንደ ልጄ» የምትለዋን ቃል ቀረብ ብለን እንመርምራት። ልጅ ደመወዝ አይጠይቅም፤ የዕረፍት ቀንም አይቈጠርለትም፤ ስለዚህ ቃሏ ሠራተኛይቱ በመብት ልትጠይቀው የሚገባትን ኹሉ ታስቀርባታለች። የቤቱ ልጅ ግን ማልዳ ደብተሯን ይዛ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ ከገበታው ትቀርባለች፤ ብታጠፋ ብትቈጣ ከቤት አትባረርም። እንግዲህ የልጅነቱ ዕዳ ለሠራተኛይቱ ተሰጥቶ፥ የልጅነቱ ጥቅም ለሌላይቱ ቀርቷል ማለት ነው። በእኛ አስተያየት የሰው መብት ከሚጣስባቸው ምክንያቶች ዋነኛው ይህ ነው፤ ለሰው የሚገባውን ነገር እንደ ቸርነት አድርገን እንሰጠዋለን፤ በቸርነት የተሰጠውም ሰጪው በተቀየመ ቀን ይወሰዳል። ተቀባዩም ቢያጕረመርም ውለታ ቢስ ይባላል እንጂ መብቱን ጠየቀ አይባልም።

የመግለጫው 24ኛ አንቀጽ ማንኛውም ሰው ዕረፍት፥ የሥራ ሰዓት ልክና ደመወዝ የማይቈረጥበት የበዓል ቀን እንደሚገባው ይደነግጋል። በእኛ ሀገር ግን ለማጀት ሠራተኛ ከበዓል የከፋ የሥራ ቀን የለም። ለፋሲካ ሽንኵርቱን ስትልጥና ስታቁላላ፥ ዶሮውን በ12 ብልት አውጥታ ደጋግማ ስታጥብ የሰነበተች ሴት፥ ቤተሰቡ ከቅዳሴ ተመልሶ ሲፈስክ ከምድጃው አጠገብ ቆማ ታገለግላለች። የእርስዋን የጾም መግደፊያ ሰዓት የሚያስብላት ጥቂት ነው።

ሕጋችንም ከማጀቱ ደጃፍ ሲደርስ ቆም ይላል። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ከአሠሪው ጋር የሚኖር የቤት አገልጋይ የሥራ ሁኔታ፥ ስለ ማደሪያው፥ ስለ ምግቡና ስለ ሕክምናው ከተጻፉት ጥቂት ግዴታዎች በቀር፥ በአሠሪው ኅሊና እንዲመራ ትቶታል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቍጥር 1156 ደግሞ ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠርን ሲከለክል፥ የግል ቤት አገልግሎትን ግን ለብቻው በሚወጣ ደንብ ይመራ ብሎ ከራሱ ውጭ አደረገው። ኅሊና ትልቅ ነገር መኾኑን አንክድም። ኾኖም ተከሳሹም ዳኛውም ምስክሩም አንድ ሰው በሚኾንበት ቤት ፍርዱ ለማን እንደሚያደላ ለማወቅ ጠበቃ መኾን አያሻም።

እኅቶቻችን ወደ ዐረብ ሀገሮች ሄደው ያገኛቸውም ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ባሕር መሻገሩ ነው። ከፋላ የሚባለው ሥርዓት የሠራተኛይቱን የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር ስለሚያቈራኝ፥ ፓስፖርቷ በእርሱ እጅ ገብቶባት፥ ከቤቱ ብትወጣ «ጠፋች» ተብላ የምትታሰር ብዙ ናት። የሊባኖስ የሥራ ሕግም እ.ኤ.አ. በ1946 ሲወጣ በ7ኛው አንቀጹ የቤት አገልጋዮችን ከጥበቃው አስወጥቷቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ያች ሀገር በገንዘብ ችግር ስትናወጥ፥ አንዳንድ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያት ሠራተኞቻቸውን ደመወዝ ሳይከፍሉ በቤይሩት ቆንስላችን ደጃፍ ጥለዋቸው ሲሄዱ ዓለም አይቷል። እኛም በቴሌቪዥን አይተን አለቀስን፤ በብዙ ቤት ያን ጊዜ መሶቡን የምታቀርበው ልጅ ከበስተኋላችን ቆማ ታይ ነበር።

«ኑሮው ተወድዷል፤ ባልና ሚስት ውለው የሚገቡት በደመወዝ ነው፤ ይህ ኹሉ ከየት ይምጣ?» የሚሉን አንባቢዎች እንዳሉ እናውቃለን። አነጋገራቸው እውነትነት አለው፤ የሠራተኛይቱ ርካሽነት የብዙ ቤተሰብ ኑሮ መደገፊያ ኾኗልና። ነገር ግን ከሚያስፈልጉት መካከል ብዙዎቹ ገንዘብ አይጠይቁም። በጥምቀትም ኾነ በአባት የወጣላትን ስም መጥራት ዋጋ የለውም። የማደሪያዋ በር ከውስጥ የሚዘጋ መቀርቀሪያ እንዲኖረው የሚያስፈልገው የአንድ ቀን የአናጢ ሥራ ነው።

የምናውቃቸው ባልና ሚስት፥ ኹለቱም የመንግሥት ሠራተኞች፥ ከልጅቱ ጋር ውላቸውን በአንድ ወረቀት ጽፈው፥ እርስዋ ማንበብ ስላልቻለች የምታምናት አክስቷ ባለችበት አነበቡላት። ደመወዟ በስሟ በተከፈተ የባንክ ደብተር ይገባል። ከሰኞ እስከ ዐርብ ከ11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ የማታ ትምህርት አላት፤ የበዓል ማግስት የእርስዋ ነው። ባልየው መጀመሪያ አጕረምርመው ነበር። በዚያ ቤት እስካሁን የተለወጠው የእራቱ ሰዓት ነው፤ ቀድሞ ከምሽቱ 1 ሰዓት ይቀርብ የነበረው አሁን ወደ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ይቀርባል፤ እሳቱንም የሚያነዱት እትዬ ናቸው።